የታመመውን ከመርጨት ችግኙን መጠበቅ

(በድሬዳዋ ለቃሪያና ለበርበሬ አምራቾች የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ተገልብጦ እንዳለ የቀረበ)

እንደምን አደራችሁ! አሰላሙ አለይኩም! አካም ቡልተን!

እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞች፣ እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኤረር በኩል የመጣችሁ አላችሁ። ከሐረር ተነስታችሁ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ የመጣችሁም አላችሁ። እናንተ ደጋ ለምዳችኋል፤ ስለዚህ ፀሐዩ ሳይከር ብንጨርስ ይሻላል። ደግሞ የድሬን ነገር አውቀዋለሁ፤ እኔም የዚሁ ልጅ ነኝ። ከሰባት ሰዓት በኋላ በርጫ አለ። ከሰባት ሰዓት በኋላ ቃሪያ ላይ ስለምትሰፍረው ክሽክሽ ባወራ ማን ይሰማኛል? (ሳቅ) አቦ እውነቴን እኮ ነው!

እሺ። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባለፈው ወቅት ቃሪያው የተኮማተረበት፣ ቅጠሉ የተዥጎረጎረበት ሰው እጁን ያውጣ። ኦሆ! ብዙ ነን። አታውርዱ፤ እንዲያው እንዳላችሁ። ከእናንተ ውስጥ መድኃኒት ያልረጨ እጁን ያውርድ። ማንም አላወረደም። አሁን ደግሞ ረጭቶ ያልዳነለት እጁን ያውርድ።

አያችሁ? ሁሉም ወረደ። ብር ወጣ፣ ጉልበት ወጣ፣ ቃሪያው አልዳነም። ለምን አልዳነም? የዛሬው ንግግሬ ይኸው ነው።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ በሽታው ምንድን ነው። ሁለተኛ፣ ማን ነው የሚያመጣው። ሦስተኛ፣ ምን እናድርግ። ሦስተኛው ላይ ቆየት እላለሁ።

አንደኛው። ቃሪያችሁን የያዘው ቫይረስ ነው። ሻጋታ አይደለም፤ ትልም አይደለም። በዓይን አይታይም፤ ተራ አጉሊ መነጽር እንኳ አያሳየውም። ተክሉ ውስጥ ይገባና የተክሉን አካል የራሱ ማባዣ ያደርገዋል። ስለዚህ ቫይረሱን ለይቶ የሚገድል፣ ተክሉን ግን የማይነካ የሚረጭ መድኃኒት የለም። እደግመዋለሁ፤ መድኃኒት የለም። ድሬም የለም፣ አዲስ አበባም የለም፣ ፈረንጅ አገርም የለም። አንዴ የያዘው ቃሪያ እስኪነቀል ድረስ በሽተኛ ነው።

ባለፈው አንድ ወንድማችን አንድ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ሻጩ «ይሄ ቫይረሱን ድራሹን ያጠፋዋል» ብሎ ሸጦለታል። ጽሑፉን አነበብኩለት። የሻጋታ መድኃኒት ነው። ለሻጋታ ጥሩ ነው፤ እኔም እመክረዋለሁ። ለቫይረስ ግን ያንን መርጨትና ውሃ መርጨት አንድ ነው። እንዲያውም ውሃው ይሻላል፤ ቢያንስ ያጠጣል። (ሳቅ) ሻጩ ማን እንደሆነ አልናገርም። እናንተ ግን ስትገዙ «ይሄ ለምን ነው? ለነፍሳት ነው፣ ለሻጋታ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ለሁሉም ነው» ካላችሁ ብራችሁን መልሳችሁ ኪሳችሁ ክተቱ።

ምልክቱን ታውቁታላችሁ፤ ቢሆንም ልዘርዝረው። ቅጠሉ ዥጉርጉር ይላል፤ ጠቆር ያለና ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ይቀላቀልበታል። አንዳንዱ ላይ ከቅጠሉ ጅማት ግራና ቀኝ ጠቆር ያለ መስመር ይወጣል። አንዳንዱ ቅጠል ይጠባል፣ ይረዝማል፤ የቃሪያ ቅጠል መሆኑን እስክንጠራጠር ድረስ። ቡቃያው ይኮማተራል። ተክሉ ይቀጭጫል። አበባው ይረግፋል። ፍሬው ትንሽ፣ ጠማማ፣ ጎርባጣ ይሆናል። ቀፊራ ገበያ ወስዳችሁ ብትዘረጉት ማንም የማያነሳው ዓይነት።

ግን ተጠንቀቁ። የተበላሸ ቃሪያ ሁሉ ቫይረስ የያዘው አይደለም። ተክሉ ጠውልጎ፣ ከሥሩ ጠቁሮ በጥቂት ቀን ድርቅ ካለ ያ ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአፈርና ከተኛ ውሃ ጋር የሚመጣ በሽታ ነው። ማሳው በሙሉ እኩል ቢጫ ከሆነ፣ ያውም ከታችኛው ቅጠል ከጀመረ፣ ምግብ ጎድሎት ሊሆን ይችላል። ቫይረስ መጀመሪያ ላይ እኩል አይመጣም። እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት፣ በተለይ ዳር ዳሩን እየለቀመ ነው የሚጀምረው።

ሌላም አለ፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ቱፎርዲ! የማሽላውን አረም ለማጥፋት ቱፎርዲ የረጫችሁበትን መርጫ ለቃሪያው ትጠቀሙበታላችሁ? ታጥቦም ቢሆን ቅሪቱ አይለቅም። የቃሪያው ቅጠል ይጠማዘዛል፣ ይጠባል፤ ልክ ቫይረስ የያዘው ይመስላል። አንድ ማሳ ላይ ገበሬው «ቫይረስ ፈጀኝ» ብሎ ጠራኝ። የጎረቤቱ ቃሪያ ደህና ነው። የሱ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር እኩል ተጠማዟል። መርጫህን አምጣ አልኩት። ክዳኑን ስከፍተው ሽታው ብቻ በቃኝ። ከጎረቤት የተዋሰው መርጫ ነው። እና የአረም መርጫችሁ ለብቻው ይሁን። ቀለም ቀቡበት፤ ቀይ ቀለም ይቀባና ቃሪያ ጋ አይድረስ።

የቫይረሶቹን ስም በጥድፊያ ልንገራችሁ፤ ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ሊሰሙት ይችላሉ። የድንች ቫይረስ ዋይ የሚባል አለ፤ ስሙ የድንች ይሁን እንጂ በርበሬም ይይዛል። የኪያር ሞዛይክ የምንለው አለ፤ እሱ ከ1,000 በላይ የእፅዋት ዓይነት ላይ ይኖራል። መጀመሪያ ጋና ውስጥ የተገለጸ የበርበሬ ቫይረስ አለ፤ እኛም አገር ተገኝቷል። የኢትዮጵያን ስም የያዘም አለ፣ በርበሬያችን ላይ ስለተገኘ። በቡናና በሩጫ የታወቅን አገር በበርበሬ ቫይረስም ስማችን ተመዝግቧል፤ ምን ይደረግ! በስማቸው አትጨነቁ። ማሳ ላይ ሆናችሁ በዓይን አትለዩዋቸውም፤ እኔም አልለይም፤ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ደግሞ ሁለት ሦስቱ አንድ ተክል ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ስሙን ሳይሆን በምን ተሳፍሮ እንደሚመጣ ማወቅ ነው።

ሁለተኛው ነገር ይኼው ነው። ማን ያመጣዋል?

ቫይረስ እግር የለውም፣ ክንፍ የለውም። ተሸካሚ ይፈልጋል። ዋናዋ ተሸካሚ ክሽክሽ ናት። ታውቋታላችሁ፤ ቅጠሉን ስትገለብጡት ከሥር ተኮልኩላ የምትገኘዋ። አረንጓዴ አለች፣ ጥቁር አለች፣ ቢጫማ አለች። የምታስወጣው ፈሳሽ ጣፋጭ ነው፤ ቅጠሉ ላይ እንደ ስኳር ውሃ ይጣበቃል። ጉንዳን ያንን ፈልጎ ይመጣል። ጉንዳን የቃሪያችሁን ግንድ ሲመላለስበት ካያችሁ ቅጠሉን ገልብጡና እዩ።

የክሽክሽ አረባብ ደግሞ ጉድ ነው። በእኛ ዓይነት ሙቀት ሴቷ ወንድ አያስፈልጋትም፤ እንቁላልም አትጥልም። በቀጥታ ሕያው ልጅ ትወልዳለች። ልጅቱ በሳምንት ገደማ ደርሳ እሷም መውለድ ትጀምራለች። ቅጠሉ ሲጣበብ፣ ተክሉም ሲያረጅ ክንፍ ያላቸው ይወለዳሉ። ክንፍ ያላት ተነስታ ትሄዳለች። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

እዚህ ጋ በደንብ ስሙኝ። የረጫችሁት ለምን እንደማይሠራ የምነግራችሁ አሁን ነው።

ክሽክሽ የት እንዳረፈች በዓይኗ ብቻ አታውቅም። ቀምሳ ነው የምታውቀው። ጫት ተራ ሄዶ ከየእስሩ አንድ አንድ ቀንበጥ እየቀነጠሰ፣ እያኘከ፣ «ይሄ አይሆንም» እያለ የሚያልፍ ሰው አታውቁም? ሳይገዛ ተራውን ጨርሶ ምርቅን ብሎ የሚወጣ? ክሽክሽም እንደሱ ናት። ታርፋለች፤ በቀጭኑ መምጠጫዋ ቅጠሉን ወጋ ታደርጋለች፤ ካልጣማት ትነሳለች። የታመመ ቃሪያ ላይ ወጋ ስታደርግ ቫይረሱ መምጠጫዋ ጫፍ ላይ ይቀራል። ቀጥላ ጤነኛው ላይ ወጋ ስታደርግ ታስገባዋለች። ይሄ ሁሉ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ሰከንዶች! ሰዓት አይደለም፣ ቀን አይደለም። ሰከንዶች!

አሁን አስቡት። ቃሪያው ላይ መርዝ ረጭታችኋል። ክሽክሿ ከጎረቤት መጣች፤ አረፈች፤ ወጋች። መርዙ ይገድላታል? አዎ፣ ይገድላት ይሆናል፤ ግን ከደቂቃዎች ወይም ከሰዓታት በኋላ ነው። ቫይረሱ ቀድሞ ገብቷል። እሷ ሞተች፤ ቃሪያውም ታመመ። ማን አሸነፈ? አንዳንዱ መርዝ ደግሞ ቶሎ አይገድላትም፤ ያቅበዘብዛታል እንጂ። አንድ ቦታ መቆየት ትታ ከተክል ተክል ትዘላለች። አንድ ተክል ልታሳምም የነበረችው አምስት ታሳምማለች።

ደግሞ ልብ በሉ፤ ቫይረሱን የምታመጣው ክሽክሽ የግድ ቃሪያ ላይ የምትኖረዋ አይደለችም። መንገደኛዋም ታመጣዋለች። ለቃሪያ ግድ የሌላት፣ ከባቄላው ወይም ከጎመኑ ተነስታ ስታልፍ ቀምሳ ብቻ የሄደች። «ቃሪያዬ ላይ አንድም ክሽክሽ የለም፤ እንዴት ታመመ?» ትሉኛላችሁ። እንዲህ ነዋ! አድርሳ ሄዳለች።

ሁለተኛዋ ነጭ ዝንብ ናት። ተክሉን ነካ ስታደርጉት እንደ ዱቄት ብን ብላ የምትነሳዋ። ሙቀት ትወዳለች፤ ስለዚህ ከሐረርና ከሐረማያ ይልቅ ለድሬና ለኤረር ቆላ ትብሳለች። የምታመጣው ሌላ ዓይነት ቫይረስ ነው፤ ቅጠሉን ወደ ላይ ጥቅልል የሚያደርገው። የእሷ አሠራር ከክሽክሽ ይለያል። ቫይረሱን ለመውሰድም ለማስተላለፍም ቆየት ብላ መምጠጥ አለባት። ግን አንዴ ከያዘችው ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልኳን ተሸክማው ትዞራለች። ስለዚህ ነጭ ዝንብ ላይ ፀረ ነፍሳት በጊዜው፣ በልኩ ቢረጭ ሊያግዝ ይችላል። ይሄን የምላችሁ «መርዝ ለምንም አይጠቅምም አለ» እንዳትሉኝ ነው።

ሦስተኛው ትሪፕስ ነው። አበባ ውስጥ ይኖራል፤ ቀጭን፣ ደቃቅ ነው። አበባውን ነጭ ወረቀት ላይ አራግፉት፤ ሲርመሰመስ ታዩታላችሁ። ቫይረሱን በልጅነቱ ይወስዳል፤ ሲጎለምስ ያስተላልፋል። በሱ ብዙ አልቆይም። ማሳ ዳር የፈላው ፈረምሲሳ፣ ያ ፓርቲኒየም የሚባለው አረም፣ አበባው ለትሪፕስ ጥሩ መጠለያ መሆኑን ብቻ ያዙልኝ። ፈረምሲሳን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። አገራችን መጀመሪያ ከታየባቸው አካባቢዎች አንዱ የእኛው ድሬ ነው።

አራተኛው ተሸካሚ... አራተኛው አለ። ማን ይመስላችኋል? ነፍሳት አይደለም።

እኛ ነን። ሰው!

ኤረር አካባቢ ነው። በመስኖ የሚለማ ደህና ማሳ ነው። ገባሁና ዞር ዞር አልኩ። የታመሙት ቃሪያዎች ተሰልፈዋል። አንድ ረድፍ ከላይ እስከ ታች ታሟል፤ የሚቀጥለውም ታሟል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጤነኛ ነው። ክሽክሽ በረድፍ አትሄድም። በረድፍ የሚሄደው ሰው ነው። ትናንት እዚህ ማን ሠራ ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ወጣት መጣ፤ ጎበዝ ሠራተኛ ነው። የጎን ቀንበጡን በጣቱ እየቀነጠሰ ነው የሚሄደው። ጆሮው ላይ ሲጋራ ሰክቷል። ጣቱ ቢጫ ሆኗል።

ነገሩ ገባችሁ? የትንባሆ ሞዛይክ የሚባል ቫይረስ አለ። ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በወረቀት ተጠቅልሎም አይሞትም። ሲጋራው ትንባሆ ውስጥ ካለ እጅ ላይ ይቀራል። በዚያ እጅ ቃሪያ ስትቀነጥስ ቁስል ትከፍታለህ፤ ቫይረሱ በቁስሉ ይገባል። ከዚያ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው በጣትህ፣ በቢላህ፣ በልብስህ ሳይቀር ይዘኸው ትሄዳለህ። ነፍሳት አያስፈልገውም።

ደግሞ ተራ ቫይረስ እንዳይመስላችሁ። ሰው «ቫይረስ» የሚባል ነገር መኖሩን ያወቀው በሱ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1892 አንድ የሩሲያ ሊቅ፣ ኢቫኖቭስኪ ይባላል፣ የታመመ የትንባሆ ጭማቂ ወስዶ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አሳለፈው። የተጣራው ጭማቂ አሁንም ያሳምማል። በ1898 ደግሞ ሆላንዳዊው ቤየሪንክ ይሄ ከባክቴሪያ የተለየ ነገር ነው አለ። የኮቪድ ቫይረስ፣ የፖሊዮ ቫይረስ፣ ሁሉም ከመታወቃቸው በፊት የታወቀው ይሄ ነው፤ የትንባሆው።

ስለዚህ የምታጨሱ ወንድሞቼ፣ አታጭሱ ብል አትሰሙኝም። ጤና ጣቢያዎች ነግረዋችሁ አልሰማችሁም። እኔ የምለው ማሳ ውስጥ አታጭሱ። ከበርጫ ተነስታችሁ ቃሪያ ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ጥፍር ሥር ጭምር። በወተት እጅ እየነከሩ መሥራትም የዚህን ቫይረስ መተላለፍ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ግን በዛሬ የወተት ዋጋ እንዲህ ብዬ ብመክራችሁ ሚስቶቻችሁ ያሳድዱኛል። (ሳቅ) ሳሙና ይበቃል።

እዚህ ጋ አንዲት እናት ቅድም ደጅ የጠየቁኝን ልመልስ። «ልጄ፣ የታመመውን ቃሪያ ብንበላስ እኛን ያሳምመናል?» ነው ያሉኝ። አያሳምምም እማማ። የእፅዋት ቫይረስ ሰውን አይዝም። እንዲያውም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይቅርታ፣ ነገሩ ከምሳ በፊት የሚወራ አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 ተመራማሪዎች የሰው ሰገራ ውስጥ ምን ቫይረስ አለ ብለው መረመሩ። ከሁሉ በዝቶ ምን ቢያገኙ ጥሩ ነው? የበርበሬ ቫይረስ! ከበሉት በርበሬ የመጣ ነው፤ ገብቶ ወጥቷል። ሰው ሁሉ በርበሬ ስለሚበላ ዛሬ ይሄንኑ ቫይረስ የወንዝ ውሃ በሰው እዳሪ መበከሉን ለማወቂያ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ሳንቡሳውን በበስባስ፣ በቃሪያ ማባያው፣ ብሉ፤ ግድ የለም። የሚያሰጋኝ ቫይረሱ ሳይሆን ቃሪያው ላይ የረጫችሁት መርዝ ነው። ዛሬ ረጭቶ ነገ ለቅሞ ገበያ የሚወስድ አለ። አለ፤ አትዩኝ! ቃሪያ በጥሬው የሚበላ ነገር ነው። ስንግ ተደርጎ፣ ሳይበስል፣ አንዳንዴ ሳይታጠብ ልጅ ይበላዋል። ለጫት ብላችሁ የገዛችሁትን ማላታይን ቃሪያ ላይ አታርከፍክፉ። ከረጫችሁም ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ቀን ሳያልፍ አትልቀሙ።

እሺ፣ ሦስተኛው። ምን እናድርግ?

አንድ ቃል ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል፤ ችግኝ! ችግኝ! ችግኝ! በልጅነቱ ቫይረስ የያዘው ቃሪያ ምርት አይሰጥም ማለት ይቻላል፤ መሬት ይዞ ውሃ ይጠጣል እንጂ። ፍሬ ከያዘ በኋላ የያዘው ግን ብዙውን ምርት ሰጥቶ ነው የሚደክመው። ስለዚህ ትግሉ መደብ ላይ ነው። ችግኙ መደብ ላይ ስድስት፣ ስምንት ሳምንት ይቆያል። እነዚያን ሳምንታት ጠብቁት። እናንተ ግን ምን ታደርጋላችሁ? መደቡን የምትሠሩት ካረጀው ቃሪያ ጎን፣ ለውሃ ስለሚቀርብ። ያረጀው ማሳ ደግሞ የበሽታው ሁሉ ጎተራ ነው። ሕፃኑን በሽተኛው አጠገብ ነው የምታስተኙት።

መደቡን አርቁት። መሬቴ ጠባብ ነው የምትሉኝን አውቃለሁ። ቢያንስ ነፋሱ ከአሮጌው ማሳ ወደ መደቡ በማይነፍስበት በኩል አድርጉት። ከተቻለ ግቢያችሁ ውስጥ አፍሉት። ከሁሉ በላይ ግን ሸፍኑት።

በምን? ሐረር አንዲት እናት አውቃለሁ። ግቢያቸው ውስጥ ትንሽ መደብ አላቸው። የሚያፈሉት ችግኝ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ጎረቤት ተሻምቶ ይገዛቸዋል። ምስጢሩን ጠየቅኳቸው። ያረጀ ነጠላቸውን ቀጫጭን እንጨት አጉብጠው፣ ጫፍና ጫፉን አፈር ውስጥ ተክለው፣ በላዩ ዘርግተውታል። ዳርና ዳሩን ደግሞ አፈር ጭነውበታል፤ ቀዳዳ የለውም። እማማ፣ ክሽክሽ እንዳይገባ ነው ወይ አልኳቸው። «የምን ክሽክሽ? የጎረቤት ዶሮ አስቸገረኝ እንጂ!» አሉኝ። (ሳቅ) ለዶሮ ያሰቡት ቫይረስ አገደላቸው። ነጠላ ብርሃን ያስገባል፣ አየር ያስገባል፣ ክሽክሽ ግን አያሳልፍም። ሻሽም ይሆናል። እኩለ ቀን ላይ በድሬ ሙቀት እንዳይታፈን ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉት። ሊተከል አንድ ሳምንት ሲቀረው ፀሐይ እንዲለምድ በጥቂት በጥቂቱ ግለጡት።

አጎበር እንዳትሉኝ! ከዚያ በኩል ፈገግ ያለውን አይቻለሁ። የአጎበር ቀዳዳ ለወባ ትንኝ እንጂ ለነጭ ዝንብ አልተሠራም፤ ሰተት ብላ ነው የምታልፈው። ደግሞ አጎበሩ የተሰጣችሁ ልጆቻችሁ እንዲተኙበት ነው። ቃሪያ ወባ አይዘውም።

ቢጫዋን የዘይት ጀሪካን ደግሞ አትጣሏት። ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ቢጫ ቀለም ይስባቸዋል። ጀሪካኗን በመዳፍ ልክ ቆራርጡ፣ ግሪስ ቀቡ፣ በእንጨት ከተክሉ ጫፍ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ይለጠፉበታል። ይሄ ማሳውን አያድንላችሁም። መቼ እንደመጡ ግን ይነግራችኋል። ጠዋት ጠዋት እዩት። ለትሪፕስ ሰማያዊ ይሻላል።

ነፍሳቱ መደቡ ላይ ከታዩ ወደ መርዝ ሱቅ አትሩጡ። ድሬ በየመንገዱ ምን ዛፍ ነው ያለው? ኒም! ጥላው ሥር እንቀመጣለን እንጂ ፍሬውን እንረግጠዋለን። ፍሬውን ልቀሙ፣ ጥላ ላይ አድርቁ፣ ውስጡን ውቀጡ። ለአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም አድርጋችሁ አሳድሩ። ጠዋት በጨርቅ አጥልሉ፤ ትንሽ ሳሙና ጨምሩ። ፀሐይ ያበላሸዋልና ማታ ማታ ርጩ፤ ከቅጠሉ ሥር። ከላይ መርጨት ዋጋ የለውም፤ እነሱ ያሉት ከሥር ነው።

ዘሩስ? የትንባሆው ዓይነት ቫይረስ ዘሩ ሽፋን ላይ ተለጥፎ ያድራል። ስለዚህ ከታመመ ተክል ዘር አትያዙ። በፍጹም! «ፍሬው ትንሽ ቢሆንም ዘሩ ዘር ነው» የሚል አለ። አይደለም። ዝርያው ስም ያለው ስለሆነም አትዘናጉ፤ ማረቆ ፋና ነው ብላችሁ ብትገዙም ስሙ ከቫይረስ አይጠብቀውም። ብዛት ያለው ዘር የምታዘጋጁ ደግሞ ትራይ ሶዲየም ፎስፌት የሚባል ዱቄት አለ፤ 100 ግራሙን በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጡ፣ ዘሩን 15 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ አድርቁ። እጅ ያቃጥላል፤ ጓንት አድርጉ። መጀመሪያ በጥቂት ዘር ሞክሩና ብቅለቱን እዩ።

ማሳ ላይ ሲተከልስ? ማሽላ! ሐረርጌ ማሽላ አያስተምሩትም። ቃሪያው ከመተከሉ ሦስት አራት ሳምንት ቀድማችሁ ዙሪያውን ሁለት ሦስት ረድፍ ማሽላ ወይም በቆሎ ዝሩ፤ ጥቅጥቅ ይበል። ክሽክሽ ስትመጣ መጀመሪያ የምታርፈው ዳር ላይ፣ ረጅሙ ላይ ነው። እዚያ ወጋ ወጋ ታደርጋለች። መምጠጫዋ ጫፍ ላይ ያለው የቃሪያ ቫይረስ እዚያው ይራገፋል፤ ብዙ ጊዜ አይቆይላትማ። ቃሪያው ጋ ስትደርስ ባዶዋን ናት። መርዝ ያልቻለውን የማሽላ አጥር ቻለው። ይሄ ብልሃት ለክሽክሽ ነው፤ ለነጭ ዝንብ ያን ያህል አይሠራም።

አውጥና አስተናግርን ከማሳ ዳር ንቀሉ። የቃሪያ ዘመዶች ናቸው፤ ቃሪያ በሌለ ጊዜ ቫይረሱን የሚያኖሩት እነሱ ናቸው።

የታመመ ተክልስ? በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከታየ ንቀሉት። አንጀታችሁ አይራራ። «ትንሽ ይቆይ፣ ያገግም ይሆናል» አትበሉ፤ አያገግምም። ስትነቅሉት ደግሞ እያወዛወዛችሁ ጤነኛውን እያሻሻችሁ አትጎትቱት። ማዳበሪያ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያው ክተቱ፤ እሰሩ፤ አውጥታችሁ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። መጀመሪያ ጤነኛውን ሠርታችሁ ጨርሱ፤ የታመመውን መጨረሻ ንኩ። ከዚያ እጅ መታጠብ ነው።

አሁን ከባዱን ልበል። ይሄን ሁሉ አንተ ብቻህን ብታደርገው፣ ጎረቤትህ ደግሞ ለቅሞ የጨረሰውን ማሳ ሳይነቅል ቢተወው፣ ድካምህ ግማሽ ነው። ዝናብ ጠብቀው በሚዘሩበት አገር በጋው ራሱ ማሳውን ያጸዳዋል። እኛ ጋ ግን መስኖ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ቃሪያ አለ። ያረጀው ሳይነቀል አዲሱ ይተከላል፤ ቫይረሱ አንድም ቀን ጦም አያድርም። ለጫት ለቀማ፣ ለማሽላ አጨዳ ጉዛ፣ ማለት ደቦ፣ ትወጣላችሁ አይደል? ለዚህም ውጡ። በአንድ መስኖ ቦይ የምትጠጡ ሰዎች ተነጋገሩ፤ ያረጀውን ቃሪያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁላችሁም ንቀሉ። አዲሱን ከመትከላችሁ በፊት ቦዩ ላይ ቃሪያ የሌለበት ጥቂት ሳምንት ይኑር። በዚያ መሬት በቆሎም ሽንኩርትም ማምረት ይቻላል። ማን ይጀምር? የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን አትጠብቁ። የውሃ ተራ የሚያወጡት አባቶች እዚህ ተቀምጠዋል። አባቶች፣ ውሃውን በተራ ማካፈል ከቻላችሁ ይሄ አያቅታችሁም።

ጊዜው ሄደ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ በኦሮምኛም በሶማልኛም መጠየቅ ይቻላል፤ የሚተረጉሙልኝ አሉ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር። የታመመ ቃሪያ ነቅላችሁ ለናሙና ያመጣችሁ አላችሁ፤ ፌስታል ይዛችሁ አይቻለሁ። ጎበዞች ናችሁ፤ ግን እዚህ አትፍቱት። የዚህ ግቢ ሰዎች ጓሮ ውስጥ ቃሪያ ተክለዋል። እንደታሰረ ይቆይ፤ አንድ በአንድ መኪናው ጋ አያለሁ። ያ ከኋላ ያለኸው ልጅ፣ አንተ ቀድመሃል፤ ጠይቅ።